ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አዲስ ገባሁ፤ ምን ልቅመስ፣ ከየት ልግዛ፣ የትኛውን በዓል ልጠብቅ?

አዲስ ጎረቤት

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። በሥራ ዝውውር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የተከራየሁት ቤት ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ በረንዳ ላይ ቆሜ አንገቴን ወደ ግራ ካዘነበልኩ ውኃው ይታየኛል። አከራዬ ኪራዩን የቆለሉብኝም በዚችው አንገት ማዘንበል ነው።

ችግሬ ይኸውላችሁ። እስካሁን ሰፈሩን የማውቀው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። ባለፈው ቅዳሜ ደፍሬ ወጣሁና ውኃው አጠገብ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ፤ ስሙን ልተወው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። ሃምሳ ደቂቃ ጠብቄ የመጣልኝ የዓሣ ቅርጽ ያለው ብስኩት ነበር። ሒሳቡን ሳይ ደግሞ ሐይቁንም አብሬ እንደበላሁ ተቆጥሮብኛል።

የሆቴል ዝርዝር አልፈልግም፤ እሱን ማንም ይነግረኛል። የአካባቢው ሰው የት ይበላል? ምን ከየት ይገዛል? ፊቼ ጫምባላላ የሚባለው የሲዳማ በዓል እየደረሰ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እንደ እኔ ያለ እንግዳ ምን ማድረግ አለበት?

ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እንዳታነሱብኝ። እኔ እበላለሁ፣ እናቴ አትበላም፣ ስትደውል ምን እንደበላሁ አልነግራትም።

የታቦር ልጅ

እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ታቦር ተራራ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ብስኩቱ ዓሣ ምን እንደደረሰበት ልንገርሽ። ጠዋት ከሐይቁ ወጣ፣ ቀኑን ፍሪዘር ውስጥ ዋለ፣ አንቺ ስታዝዢ በረዶው እንኳ ሳይለቀው የጋለ ዘይት ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የዘጠኝ ሰዓት ነው።

ይህን ሰፈር "የት" ብለሽ ከጠየቅሽው ብዙ አይነግርሽም፤ "ስንት ሰዓት" ብለሽ ጠይቂው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ማታ ጥሎ ያድርና ጎህ ሲቀድ ያነሳዋል። ስለዚህ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ሕይወት ያለው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። አምስት ሰዓት ላይ ከሄድሽ የምታገኚው ቅርፊትና ዝንብ፣ ፎቶ አንሺዎችና አባ ኮዳዎችን ነው። አባ ኮዳ ያው ትልቁ ወፍ ነው፤ ራሰ በራ፣ ግራጫ ካፖርት የደረበ የሚመስል፣ ደመወዝ ሊቀበል እንደተሰለፈ ጡረተኛ በትዕግሥት የሚቆም።

ስትገቢ ሁለት ዓይነት ዓሣ ይበዛል፦ ቆሮሶና አምባዛ። ለጥብስ ቆሮሶ ውሰጂ። አምባዛ ሥጋው ስለሚለሰልስ ለጉላሽ ይሻላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ አጎቴ ቢሰማ ይጣላኛል። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ ሥጋውን በጣት ስትጫኚው ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ የዛሬ ነው። መዳፍ የሚያህል ትንንሽ ዓሣ ረክሶ ቢቀርብልሽ አትግዢ። ጠባብ መረብ የሚያወጣው ገና ያልወለደውን ነው፤ ገዢ ካለ መረቡ የባሰ ይጠባል።

ዳጣ ወዳጅ

ስለ ጥሬው ዓሣ ሳትነግራት? ገበያው ላይ ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ፊሌቶውን፣ አጥንት የሌለውን ሥጋ፣ አውጥቶ ሲከታትፈው፣ ሎሚ ጨምቀሽበት፣ በዳጣ ወይም በአዋዜ እያጠቀስሽ፣ ሰናፍጭም ካለ ጨምረሽ። ሐዋሳ የገባ ሰው ይህን ሳይቀምስ ገባሁ አይበል። ሃያ ዓመት በልቻለሁ፤ ይኸው አለሁ።

ላቦራቶሪ

የጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የወንድሜን ደስታ ማደፍረስ ባልወድም መናገር ግዴታዬ ነው። በሐይቁ ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትላትል እንዳሉ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም፤ ዳጣውም የሚያቃጥለው አንተን ነው። የሚገድለው ሙቀት ነው፦ የዓሣው መሐሉ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ። ጥሬ ካልበላሁ ያለ ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሰባት ቀን የቀዘቀዘ ይፈልግ፤ የቤት ማቀዝቀዣ እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

አዲስ ጎረቤት፣ ሌላም ልጨምርልሽ። ሲሞቅሽ ጫማሽን አውልቀሽ ዳር ዳሩን ውኃ ውስጥ መራመድ ያምርሻል። አታድርጊው። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው ዳር ላይ ሣሩ መሐል ባሉት ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ወደ ሰው የሚገባውም ቆዳ በስቶ ነው። መድኃኒት አለው፣ ግን ለምን ብለሽ።

ዳጣ ወዳጅ

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ትሎቹም ዳጣ ለምደው ይሆናል። እሺ፣ እሷ ለብለብ ትብላ።

ጡረተኛው መምህር

ጡረተኛን ከአባ ኮዳ ጋር ያመሳሰለውን ልጅ አይቼዋለሁ። ምናልባት አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም ከኋላ ወንበር ይሆናል የተቀመጠው።

ልጄ፣ እንኳን መጣሽ። ይህ ከተማ እንደ ከተማ የተቆረቆረው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል ማለት ነው። ሐይቁ ግን ስሙን ይዞ የቆየ ነው፤ ሐዋሳ በሲዳምኛ ስፋትን ያመለክታል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የተጣለበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በቆሎ ስትበዪ ቆረቆንዳውን፣ ውኃ ስትጠጪ ፕላስቲኩን ይዘሽ ተመለሺ።

የታቦር ልጅ ስለ ሰዓት የተናገረው ልክ ነው፤ ግን ከጠዋቱ ላይ አቆመው። ከተማው ያለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። በዚህ የተነሳ ፀሐይ ከጀርባችን ወጥታ ከፊታችን ውኃው ማዶ ትጠልቃለች። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ መንገድ በእግርሽ ውረጂ፤ ባጃጅ አትያዢ። ወደ ፍቅር ሐይቅ ስትቃረቢ የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ከሰል ሲያራግቡ ታገኛለሽ። የተጠበሰ እህል ሽታ፣ የጀበና ጭስ፣ የልጆች ጩኸት። ቡና የሚያፈሉት በርጩማ ላይ ያስቀምጡሻል፤ የእኔ ልማድ ጤና አዳም ያለበትን መፈለግ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሁልጊዜ ሁለተኛው በርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን ሻንጣዬን አስቀምጥበታለሁ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣም አለ፤ ጉሬዛው ጨዋ ነው፣ ጦጣው ሌባ ነው።

ባለ ብስክሌት

መምህር፣ በርጩማዋን አስነብበውን አለፉ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

እኔ ስለ ጀልባ ላስጠንቅቅ። ጉማሬ ለማየት በጀልባ መሄድ ያምራል፤ ግን ከመሳፈርሽ በፊት ሦስት ነገር ቁርጥ አድርጊ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ጉማሬው ጋ መድረሱን ይጨምራል? እኔ ሦስተኛውን ረስቼ ሐይቁ መሐል ሞተር ጠፍቶ "ከዚህ በኋላ ጭማሪ አለው" ተብያለሁ። ሐይቅ መሐል ሆኖ ክርክር የሚረታ ሰው አላየሁም። የአደጋ መከላከያ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ውረጂ። ጠዋት ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ልብስሽን ያጥብልሻል።

ከተማው ሜዳ ስለሆነ ደግሞ ብስክሌት ግዢ። ባጃጅ የማይገባበት የውስጥ መንገድ ላይ ነው ጥሩ ጥሩ ሱቅ ያለው።

አዲስ ጎረቤት

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ አሞራ ገደል ደረስኩ። ውኃው ላይ ጉም ነገር ነበር። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አፍንጫቸው ጭቃው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ትራስ ላይ እንደ መውደቅ ነው። ሰዎች ገና መረቡ ሳይወርድ ዋጋ ይጠይቃሉ። እኔም እንደ አዋቂ አንዱን ዓሣ በጣቴ ተጫንኩና ስንጥቡን ገልጬ አየሁ። ሻጩ "እህቴ፣ ምን ጎድሎት ነው?" አለኝ። ሳቅሁና አራት ቆሮሶ ገዛሁ።

ከዚያ አሥራ አራት ዓመት የማይሞላው የሚመስል ልጅ ቢላዋ ይዞ መጣ። "ፊሌቶ ነው ለጥብስ?" ለጥብስ አልኩት። ዓሣውን በጅራቱ ያዘና ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ ጠረገው፤ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም እየዘለለ ጫማዬ ላይ ተለጠፈ። ሆዱን በአንድ ቅዳድ ከፍቶ አጸዳው። ከዚያ ጎኑን በግራም በቀኝም ሰያፍ ሰያፍ እየቆረጠ፣ ቢላዋው አጥንት ሲነካ ብቻ ቀጭ የሚል ድምፅ እየሰማሁ፣ አራቱንም ቆጥሬ ሳልጨርስ ጨረሰ። ሰያፉ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "ዘይቱ እንዲገባ፣ አጥንቱም እንዲበላ" አለኝ። ቤት ስጠብሰው እውነቱን ነው፤ ትንንሹ አጥንት እንደ ቆሎ ነው የተሰባበረው።

ግን አራት ዓሣ ገዝቼ ቤት የደረስኩት በሦስት ነው። ለልጁ ገንዘብ ለመስጠት ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ካፖርት የለበሰው አንዱ ጡረተኛ (መምህር ይቅርታ) ምንቃሩን ፌስታሉ ውስጥ ከትቶ አንዱን ይዞ ሄደ። ልጁ "ግብር ነው" አለኝና ሳቀ።

ሾርባውንም ቀመስኩ። ሸራ የወጠሩ እናት ከራስና ከአጥንት የሠሩትን ትኩስ ሾርባ በኩባያ ሰጡኝ፤ ቃሪያ ጣል አድርገውበት። ቆሜ ነው የጠጣሁት። ያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከፈልኩት ገንዘብ እዚህ ሳምንት ሙሉ ቁርስ ያበላኝ ነበር።

ጥሬውን ላቦራቶሪን ፈርቼ ተውኩት። አሁን ጥያቄዬ ስለ ፊቼ ነው።

የሻፌታ ልጅ

ይህን ለኔ ተዉልኝ፤ ሲዳማ ነኝ፣ ያደግሁትም በዚሁ በዓል ነው።

ፊቼ ጫምባላላ የእኛ ዘመን መለወጫ ነው። በቋሚ ቀን አይውልም፤ ቀኑን የሚያወጡት አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ናቸው፣ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው። ከዚያ ለጎሳዎች ይነገራል። እንግዲህ "በስንት ቀን ነው?" እያሉ ከወራት በፊት ለሚጠይቁኝ የቢሮ ሰዎች መልሴ ይኸው ነው። የራሳችን ሳምንት ራሱ አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ።

አፈ ታሪኩ ደስ ይላል። ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ። ቡርሳሜው ለጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። በዓሉ የእሷ መታሰቢያ ነው ይባላል። ስለዚህ የሚበላው ምግብ ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ በዓሉ ራሱ ከምግቡ ነው የተነሳው። ቡርሳሜ ከእንሰት የሚሠራ ሆኖ ቅቤና ወተት ይገባበታል፤ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ቀርቦ ዙሪያውን ተቀምጠን በጋራ እንበላለን። እኛ ቤት አያቴ ሳይጀምሩ እጅ አይሰነዘርም፤ እኔ አንድ ጊዜ ሰንዝሬ የተመታሁበት ጣት እስካሁን ያስታውሰኛል።

በዋዜማው ከእርጥብ እንጨት በተሠራ ሁሉቃ በሚባል በር ሰውም ከብትም ያልፋል፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነው። ማግሥቱ ጫምባላላ ነው። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ "አይዴ ጫምባላላ!" ይላሉ፣ ገብተው ይበላሉ። ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይታረድም፣ እንዲያውም ለምለም ሣር ይለቀቅላቸዋል። ከተማ ውስጥ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ነው። ቄጣላውን፣ የእኛን የጋራ ጭፈራ፣ ስትሰሚ መሬቱ ራሱ አብሮ የሚረግጥ ይመስልሻል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ እኛ ግን ከዚያ በፊትም እንረግጥ ነበር።

እንግዳ ምን ያድርግ ላልሽው፦ ነይ ሲሉሽ ግቢ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ፣ በተለይ ሽማግሌዎችን። ሌላ ምንም የለውም።

አዲስ ጎረቤት

እሺ፣ ግን ሁዳዴ ላይ ከዋለስ? ቅቤና ወተት አልበላም። ቤታቸው ገብቼ እምቢ ልል ነው?

የሻፌታ ልጅ

"ጾመኛ ነኝ" በዪ፤ አብረን የኖርን ሰዎች ነን። ማንም አይቀየምሽም፤ ቡና ይሰጥሻል። የምንቀየመው በር ላይ ቆመሽ "ቸኩያለሁ" ስትይ ነው።

ሻፌታ መግዛት ከፈለግሽ ደግሞ ገበያ ሂጂ፤ ሰኞና ሐሙስ ይደምቃል። በጣትሽ አንኳኪው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ አለው። ቤት ስትደርሺ ሳታሟሺው አትጠቀሚበት። እናቶቹ ሲሸጡልሽ እንዴት እንደሚሟሽ ጠይቂያቸው፤ ከዋጋው በላይ ይነግሩሻል፣ ወሬውም ነው ደንበኛ የሚያደርግሽ። እዚያው አናናስና አቮካዶ ትገዢያለሽ። ጥሬ ቡናም ውሰጂ፤ የተቆላ በላስቲክ የታሸገ ፍለጋ አትንከራተቺ።

ዳጣ ወዳጅ

አቮካዶ ከተነሳ፣ ጁስ ቤት ገብታ ስፕሪስ ስታዝ "ስኳር ሳይገባ" እንድትል ንገሯት። ካልተናገረች ፍሬውን ፍለጋ ነው የምትገባው።

ጡረተኛው መምህር

ከበዓል ገብርኤልን ማንም አልጠቀሰም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጣው ምዕመን ብዛቱ ከተማውን ይለውጠዋል። አልጋ አይገኝም፤ የተገኘውም ዋጋው ይሰቀላል። ዘመድ ሊመጣብሽ ከሆነ ቀድመሽ አስቢበት። እኔ በዚያ ሰሞን ሳሎኔ ውስጥ ስድስት ሰው አስተኝቻለሁ፤ አራቱን አላውቃቸውም ነበር። አንዷ እስካሁን ለገና ስልክ ትደውላለች።

በዚያ ቀን ግን ሐይቁ ዳር ቡና ለመጠጣት አትሞክሪ፤ በርጩማ የለም።

ባለ ብስክሌት

መምህር፣ ያቺ በርጩማ ዛሬም ሻንጣ ብቻ ነው የሚቀመጥባት?

ጡረተኛው መምህር

አርብ ዕለት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተቀምጣባት ነበር። ስለ አባ ኮዳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። በቆሎዋን ከበላች በኋላ ቆረቆንዳውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አዲስ ጎረቤት

ቦርሳው እስካሁን የበቆሎ ሽታ አለው መምህር።

አሁን ግን አስቸኳይ ጉዳይ አለኝ። ዛሬ ጫምባላላ ነው። ጠዋት በሬ ተንኳኳና ስከፍት አምስት ልጆች "አይዴ ጫምባላላ!" አሉኝ። ቤቴ ውስጥ የነበረው ዳቦና ሙዝ ነው፤ ተቀምጠው በሉ፣ ትንሹ ሙዙን ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ ከፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቴ፣ እስከ ዛሬ ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጠው እናት፣ በሻፌታ ቡርሳሜ ላኩልኝ። ቅቤው ከላይ ያብረቀርቃል። ጾመኛ መሆኔን ሳልናገር ልጅቷ አስቀምጣ ሮጠች። እኔ ስላልቻልኩ ለግቢው ጥበቃ ሰጠሁት፤ ሻፌታውን በጣቱ ጠርጎ ነው የመለሰልኝ።

ዕቃውን አጥቤዋለሁ። ባዶ መመለስ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እናቴ ትገድለኛለች። ምን ልጨምርበት? ፍሪዘር ውስጥ ያለኝ ዓሣ ነው።

ላቦራቶሪ

ቢያንስ ጥሬውን አትላኪ።

የሻፌታ ልጅ

ዓሣ ዛሬ ተይው። ቡና ካለሽ ቡና፣ ፍሬ ካለሽ ፍሬ። ልጅቷን አትላኪያት፣ አንቺው ይዘሽ ሂጂ፤ አለመብላትሽንም እዚያው ንገሪያቸው።

የታቦር ልጅ

ሰዓቱም አሁን ነው፤ ቡና እያፈሉ ነው የሚሆኑት።

አዲስ ጎረቤት

የሰኞ ገበያው ጥሬ ቡና ሻፌታውን ሞልቶ ትንሽ ተረፈኝ። ጫማ እያደረግሁ ነው።